አንድ መስኮት ለስድስት ወር፦ የወረዳ ምክር ቤት አገልግሎት የሚያስተካክልበትና ተተኪ የሚያፈራበት መንገድ

እናቴ አንዲት የመሸኛ ደብዳቤ ለማግኘት አራት ቀን ተመላልሳለች። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲገባ ከኖርንበት ሰፈር ተነስተን ወደ ዳር ሄድን። አዲሱ ወረዳ መታወቂያ የሚያወጣላት የድሮው ወረዳ ከሸኛት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፋይሏ አልተገኘም። በሁለተኛው ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ኔትወርክ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዛ መጣች። አራት መስመር ጽሑፍ ነው። ለዚያ ስትል በ68 ዓመቷ በየቀኑ ሁለት ታክሲ እየያዘች ሄዳ ትመለስ ነበር።

በጣም ተናደድኩ። ቀናት ሲያልፉ ግን አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀረ። ይህን የሚከታተለው ማነው? የመስኮቱ ሠራተኛ አይደለችም፤ እሷም ለምሳ ሳትወጣ ስትሠራ አይቻታለሁ። የመከታተል ኃላፊነቱ የወረዳው ምክር ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ቋሚ ኮሚቴ ጋር በበጎ ፈቃድ ስሠራ ቆይቻለሁ። ከታች የምጽፈው በዚያ ሥራ ውስጥ ሲሠራ ያየሁትን ነው። ለምክር ቤት አባላት፣ ለዕድር ዳኞች፣ ለሰፈር ወጣቶችም ይሆናል።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። አገልግሎት ማሻሻልና ተተኪ ማፍራት አንድ ሥራ ነው። እኛ ግን ለያይተን ይዘነዋል። ወጣቱ አዳራሽ ተጠርቶ ስለ አመራር ሥልጠና ይወስዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አበሉን ፈርሞ ይሄዳል። ቋሚ ኮሚቴው ደግሞ በሌላ ቀን የጽሑፍ ሪፖርት ያዳምጣል። ሁለቱ ቢገናኙ፣ ማለትም ወጣቱ ደብተር ይዞ ከኮሚቴው ጋር መስኮቱ ፊት ቢቆም፣ መስኮቱም ይስተካከላል፣ ልጁም ይማራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሥልጣናችሁን እወቁ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከከተማው ምክር ቤት በታች ላሉት እርከኖችም ምክር ቤት አቁሟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም እንዲጠየቅ ያዛል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ጉዳይ ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል።

በተግባር በእጃችሁ ያሉት አራት መሣሪያዎች ናቸው፦ ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ ሪፖርት መስማት፣ ሥራ አስፈፃሚውን መጠየቅ፣ መስክ ወርዶ ማየት። ሠራተኛ ማዘዝ ከነዚህ ውስጥ የለም። መስኮት ላይ ሄዶ «የዚችን ሴትዮ ቶሎ ጨርስላት» ማለት ለሴትዮዋ ደግ ነገር ሊመስል ይችላል። ከኋላዋ ለተሰለፉት ሰላሳ ሰዎች ግን በደል ነው። አባሉ ራሱ አማላጅ ከሆነ ሰልፉን የሚያስተካክል ሰው ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ አንድ አገልግሎት ብቻ ምረጡ

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው የሚሠራው። ኮሚቴ ይሰበሰብና መብራት፣ ውሃ፣ ጽዳት፣ የሥራ ዕድል፣ የቀበሌ ቤት ጥገና፣ የቦይ መደፈን፣ ሁሉንም በአንድ ቃለ ጉባኤ ይዘረዝራል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ዝርዝር ይነበባል።

አንዱን ምረጡ፤ ስድስት ወር ያዙት። ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ብዙ ሰው ይነካል ወይ? መፍትሔው በወረዳው እጅ ነው ወይ? በስድስት ወር ለውጡ በዓይን ይታያል ወይ? የመብራት መቆራረጥ ሁለተኛውን ጥያቄ አያልፍም። ከኃይል መስመሩ ጋር ወረዳው ሊሠራ የሚችለው ትንሽ ነው። መሸኛ ግን ሦስቱንም ያልፋል። የልደት ምስክር ወረቀትም እንዲሁ፤ በተለይ በነሐሴና በመስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ ሰልፉ ግቢውን ይሞላል። ከክረምት በፊት የቦይ ጠረጋም ጥሩ ምርጫ ነው። ቀበናና ግንፍሌ ዳር የሚኖር ሰው ሰኔ ሲገባ የሚሰማውን ስጋት ያውቀዋል።

መሃል ከተማ ላይ ላሉ ወረዳዎች፣ ለአራዳ፣ ለቂርቆስ፣ ለልደታ፣ እኔ መሸኛንና ፋይል ዝውውርን እመርጣለሁ። ባለፉት ዓመታት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነስቷል። ሰው ከሄደ በኋላ ደግሞ የሚረሳው እሱ ነው፤ ሄዷልና ድምፅ የሚሆንለት ጎረቤት አጠገቡ የለም። የመሸኛ መስኮት ላይ የሚቆመው ይህ ሰው ነው።

ደረጃ 2፦ ደብተር የሚይዙትን ልጆች ምረጡ

ስድስት ወጣት ይበቃል፤ ሦስት ሴት፣ ሦስት ወንድ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆኑ ጥሩ ነው። ቢቻል አንዱ ወይም አንዷ አካል ጉዳት ያለባቸው ይሁኑ፤ ደረጃውን በእግሩ የሚወጣ ሰው የማያየውን ያያሉና።

በስብሰባ ላይ በደንብ የሚናገረውን ልጅ ብቻ አትምረጡ። እሱ መንገዱን ያገኘዋል። ዕድር ድንኳን ሲተከል ሳይነገራት ወንበር የምትቆጥረዋን፣ የእናቱን የሱቅ ዱቤ በደብተር የሚመዘግበውን ልጅ ፈልጉ። የአባላትን ዘመድ አትቀላቅሉ። በፓርቲ አባልነትም አትምረጡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንዴ በዚያ መንገድ ሲመረጥ ስላየሁ ነው። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት አወቀው፤ ከዚያ በኋላ ለልጆቹ እውነቱን የሚነግራቸው ተገልጋይ አልነበረም።

የታክሲና የምሳ ወጪያቸውን ሸፍኑ። ብዙ ገንዘብ አይደለም። ካልሸፈናችሁ ግን ሥራው ላይ የሚቆዩት የደላቸው ልጆች ብቻ ይሆናሉ።

ደረጃ 3፦ መስኮቱ ፊት ቁሙ፣ ቁጠሩ

መጀመሪያ ለሥራ አስፈፃሚው ደብዳቤ ጻፉ። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ምን እንደምታዩ፣ የማንንም ስም እንደማትመዘግቡ ግለጹ። ሳያሳውቁ መሄድ ሠራተኛውን እንደ ሌባ መሰለል ነው፤ ሰዉ ይሸማቀቃል፣ በሩም ይዘጋል። «ዛሬ ስለምትመጡ ያሳምሩታል» የሚል ይኖራል። ያሳምሩት። ባማረበት ቀን የሚቀረው ችግር እውነተኛው ችግር ነው።

ሦስት ቀን ቁሙ፦ ሰኞ ጠዋት፣ ረቡዕ ሙሉ ቀን፣ ዓርብ። ሥራ ከሚጀመርበት ከጠዋቱ 2፡30 አትዘግዩ። ዓርብ ቢሮ ለምሳ በ5፡30 ስለሚዘጋ የዕለቱ ሰልፍ ከሌላው ቀን ይለያል፤ ያንን ካላያችሁ ግማሹን ስታችኋል።

ልጆቹን በሁለት በሁለት መድቡ። አንዱ ያነጋግራል፣ ሌላው ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ይቀያየሩ። ከእያንዳንዱ ተገልጋይ የምትይዙት ይህን ነው፦ የመጣበት ሰዓት፣ የተስተናገደበት ሰዓት፣ ለዚህ ጉዳይ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ ጨርሶ ወጣ ወይስ ተመለሰ፣ ከተመለሰስ ምን ተባለ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። የተባለውን በራሱ ቃል ጻፉት። «ነገ ና»፣ «ፋይሉ የለም»፣ «ኃላፊው ወጥተዋል»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ሁለት ምስክር አምጪ»። እነዚህ ቃላት የተለያየ በሽታ ምልክት ናቸው፤ አንድ ላይ «መጉላላት» ብላችሁ ካሰፈራችኋቸው መድኃኒቱ ይጠፋባችኋል።

ማታ ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። አማካይ ብቻ አትያዙ። አንድ ሰው ዘጠኝ ቀን ተመላልሶ ከሆነ አማካዩን ያዛባዋል። ሰዎቹን ከጥቂት ቀን ወደ ብዙ ቀን ደርድሩና መሃል ላይ ያለውን ተመልከቱ፤ 41 ሰው ካላችሁ 21ኛውን ማለት ነው። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያሉትን አምስት ሰዎች ለብቻ አንብቡ። እነሱ ማን ናቸው? አብዛኛውን ጊዜ አሮጊት፣ ማንበብ የማይችል፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው።

ያገኛችሁትን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ጋር አስተያዩ። እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ ወይም በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ እዚያ ተጽፏል። ቻርተሩ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የገባው ቃል ነው። ከሱ የተሻለ መለኪያ የላችሁም። ካልተለጠፈ ደግሞ የመጀመሪያውን ግኝታችሁን አገኛችሁ።

ቁጥር ወይም ሰነድ ተጠይቆ «አይሰጥም» ከተባለ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መረጃ የማግኘት መብትን ደንግጓል። በጽሑፍ ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ልጆቹ ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ በእጃቸው ቢጽፉ ዕድሜ ልካቸውን ይጠቅማቸዋል።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱን ተከተሉ

አሁን ከመስኮቱ ጀርባ ግቡ። አንድ የመሸኛ ጥያቄ ያዙና ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እዩት፦ መስኮት፣ መዝገብ ቤት፣ ማጣራት፣ ቡድን መሪ፣ ፊርማ፣ ማኅተም። በትልቅ ወረቀት ላይ ሣሉት። በየጣቢያው ሁለት ሰዓት ጻፉ፦ ሥራው ራሱ የወሰደው፣ ወረቀቱ ዝም ብሎ የተቀመጠበት።

ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ነው። ሥራው ሩብ ሰዓት ሆኖ ወረቀቱ ፊርማ ሲጠብቅ ሁለት ቀን ይተኛል። ፈራሚው ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ውክልና ያለው ሰው ደግሞ የለም። መድኃኒቱ አንድ የውክልና ደብዳቤ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

መዝገብ ቤቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቀበሌ የተመሠረተው በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀበሌዎች ተጣምረዋል፣ ስማቸውና ቁጥራቸው ተቀይሯል፣ ወረዳ ሆነዋል። ፋይሎቹ ግን ብዙ ቦታ በድሮው ቀበሌና በድሮው የቤት ቁጥር እንደተደረደሩ ናቸው። የእናቴ ፋይል አልጠፋም ነበር። በድሮው ቁጥር ሌላ መደርደሪያ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት እዚያ የሠሩ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢጠየቁ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይገኝ ነበር። እኚህ ሰውዬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር፤ የሚያውቁትን በወረቀት ያሰፈረ ግን አልነበረም። በኋላ ሁለት ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠው የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ጻፉ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ደረጃ 5፦ ሦስት መድረክ፣ በቅደም ተከተል

የሕዝብ መድረክ ስንል የለመድነው አንድ አዳራሽ ነው፤ ፊት ለፊት ኃላፊዎች፣ ታች ነዋሪ። ነዋሪው ያማርራል፣ ኃላፊው ይመልሳል፣ ሻይ ይጠጣል። የተሻለ መንገድ አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት ጀመረው፤ እኛም አገር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ሲሠራበት ቆይቷል። ዋናው ብልሃት ተገልጋዩንና ሠራተኛውን መጀመሪያ ለየብቻ ማወያየት፣ ከዚያ ማገናኘት ነው።

የመጀመሪያው መድረክ የተገልጋዮች ነው። በዕድር ቤት አድርጉት፤ ወረዳ አዳራሽ ውስጥ ሰው ይጠነቀቃል። ሴቶችን፣ አዛውንቶችን፣ ወጣቶችን በተለያየ ክብ አስቀምጡ። እናቶች ባሎቻቸው ባሉበት፣ ወጣቶች አባቶች ባሉበት አፋቸውን አይከፍቱም። እያንዳንዱ ክብ አገልግሎቱን ከ1 እስከ 5 ይለካ፦ ፍጥነቱን፣ አቀባበሉን፣ የመረጃውን ግልጽነት። ማንበብ ለማይችሉ ባቄላ ወይም ጠጠር ስጡ። ነጥቡ ራሱ ትልቅ ነገር አይደለም። «ለምን 2 ሰጠሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው ወሬውን የሚያወጣው። እማማ፣ ለምን ሁለት ሰጡ? ሲባሉ «ልጄ፣ ቁጭ የምልበት የለማ» ያሉ እናት አሉ። ለካ ከፍጥነቱ ይልቅ ያስመረራቸው ቆሞ መጠበቁ ነው። አግዳሚ ወንበር በሳምንቱ ገባ።

ሁለተኛው የሠራተኞቹ ነው፤ አለቆቻቸው ባልተገኙበት። ይህን መድረክ የሚዘሉ ሁሉ ኋላ ይቸገራሉ። ሠራተኞቹ ያው ልኬት ላይ ራሳቸውን ይለኩ፤ ምን እንደያዛቸውም ይናገሩ። ለሁለት መስኮት አንድ ፕሪንተር፣ ያለቀ ቀለም፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠራ ስብሰባ፣ በሥራ ሰዓት የሚመጣ የሌላ ሥራ ትእዛዝ። ሰው ተሰድቦ አይሻሻልም። ጫናው ተሰምቶለት የራሱን ድርሻ ሲጠየቅ ግን አብዛኛው ይሠራል።

ሦስተኛው ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። ሥራ አስፈፃሚው፣ አፈ ጉባኤው፣ ቋሚ ኮሚቴው ይገኙ። የሚመሩት ግን ከስድስቱ ልጆች ሁለቱ ይሁኑ። ደንቡን ቀድመው ያንብቡ፦ ስለ ሥራ እንጂ ስለ ሰው አይወራም፣ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ፣ ለኃላፊም ሦስት ደቂቃ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ «አቶ እገሌ፣ ሰዓትዎ አልቋል፣ ይቅርታ» ስትል አዳራሹ ጸጥ ይላል። ኃላፊው ፈገግ ብለው ከተቀመጡ ለሁሉም ትምህርት ነው። እንዲህ እንዲሆን አፈ ጉባኤው ቀድመው ሊያነጋግሯቸው ይገባል።

ደረጃ 6፦ ስምምነቱን ከፋፍሉና ለጥፉ

ከመድረኩ የወጣውን በሦስት ክፈሉ። ያለ ገንዘብ የሚሠራ፦ ውክልና፣ የማስረጃ ዝርዝር መለጠፍ፣ ለአዛውንት ቅድሚያ። በወረዳው በጀት የሚሠራ፦ ፕሪንተር፣ መደርደሪያ፣ ወንበር። ከወረዳው በላይ የሆነ፦ ሲስተም፣ የሰው ኃይል መዋቅር። ለእያንዳንዱ ስም ያለው ኃላፊና ቀን ጻፉ። «በቅርቡ» የሚል ቃል አይግባ። ወረቀቱን መስኮቱ አጠገብ ለጥፉት።

የሁለተኛው ክፍል ጊዜ ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ጥያቄው ዕቅድ ውስጥ መግባት ያለበት ግን ከወራት በፊት ነው። ጥር ላይ ያልጻፋችሁት ወንበር ሰኔ ላይ አይወለድም። ስለዚህ ቆጠራውን በጥቅምትና በኅዳር፣ መድረኮቹን በታኅሣሥ ጨርሱ። ሦስተኛውን ክፍል ደግሞ ከቁጥሩ ጋር ለክፍለ ከተማው ምክር ቤት በደብዳቤ ላኩ፤ ግልባጭ ያዙ።

ደረጃ 7፦ በጉባኤ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ

ሪፖርት ሲቀርብ «የመልካም አስተዳደር ችግሮችን ለመቅረፍ ምን እየተሠራ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አባል አለ። መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ የተጻፈ ነው፤ «በትኩረት እየተሠራ ነው» ይባላል።

እንዲህ ጠይቁ፦ «በኅዳር ሦስት ቀን ከቆጠርናቸው 41 የመሸኛ ተገልጋዮች 17ቱ የተመለሱት ፈራሚ ስላልነበረ ነው። ውክልና እስከ ታኅሣሥ 30 እንደሚሰጥ ተስማምተን ነበር። ተሰጥቷል? ካልተሰጠ ማን ያዘው?» ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የጻፍኩት፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። ቁጥር፣ ስምምነት፣ ቀን፣ ከዚያ አጭር ጥያቄ። ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ጥያቄውን ልጆቹ ያርቅቁት፣ አባሉ ይጠይቀው። ጉባኤው ላይም ተቀምጠው ይስሙ። የጻፉት ዐረፍተ ነገር በምክር ቤት ውስጥ ሲነበብ፣ መልስም ሲሰጥበት የሰማ ወጣት «ምን ይለወጣል ብለህ ነው» የሚለውን ንግግር ይተዋል።

ደረጃ 8፦ ልጆቹ ላይ የሚሠራው ሥራ

ይህ በየደረጃው አብሮ የሚሄድ ነው፤ ለብቻ ያወጣሁት እንዳይረሳ ነው።

ኃላፊነቱን በየወሩ አዟዙሩ። አንዷ ጸሐፊ፣ አንዱ ሰዓት ጠባቂ፣ አንዷ ሰብሳቢ፣ አንዱ ከቢሮ ጋር ተገናኝ። ቃለ ጉባኤ መጻፍን አትናቁት። ማን ምን እንዳለ ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፍ የሚችል ሰው መስማት ተምሯል። መስማት የማይችል መሪ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም ዓይተናል።

ከእያንዳንዱ መስክ በኋላ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ሦስት ጥያቄ፦ ምን አየን? እኔ የት ተሳሳትኩ? ነገ ምን እቀይራለሁ? የኮሚቴው አባል ራሱ ቀድሞ የተሳሳተውን ይናገር። ትልቅ ሰው «እዚህ ጋ አጥፍቻለሁ» ሲል ሳይሰማ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ቦታ ካጣችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ልጆቹ ሕጎቹንም እዚያው ያነባሉ።

ከእናንተ ጋር ሲቃወሙ አትቆጡ። አንዴ አንድ ልጅ ኮሚቴው የጻፈው ሪፖርት ላይ አልፈርምም አለ፤ ለስላሳ ሆኗል ብሎ። ሰብሳቢዋ ደነገጡ፣ ከዚያ የልዩነት ሐሳቡን በቃለ ጉባኤ አስመዘገቡለት። ዛሬም ድረስ «እትዬ አስመዘገቡልኝ» እያለ ያነሳዋል።

ደረጃ 9፦ ከ90 ቀን በኋላ እንደገና ቁጠሩ

ስምምነቱ ከተለጠፈ 90 ቀን ሲሞላ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሦስት ቀን፣ በዚያው ደብተር ቁሙ። ውጤቱን ከድሮው ጎን ለጥፉ፤ የተሻሻለውንም ያልተሻሻለውንም። ለውጥ ያመጡትን ሠራተኞች በጉባኤ ላይ በስማቸው አመስግኑ። ያልተነካውን ወደ ደረጃ 7 መልሱት።

በዚህ ዙር ግን ደብተሩን የሚይዙት አዳዲስ ስድስት ልጆች ናቸው። የቀድሞዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ተተኪ ራሳቸው ይምረጡ፣ ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ አብረው ይምጡ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰዎች አሮጌው ያነጋግር፣ አዲሱ ይጻፍ። የሚቀጥሉትን አሥር አዲሱ ያነጋግር። ከዚያ አሮጌው ደብተሩን ሰጥቶ ወደ ትምህርቱ ወይም ወደ ሥራው ይሂድ።